የፋሲካ ዕለት አያት ቤት ልጆቹን ማን ይያዝ?

ፋሲካ ከሌላው በዓል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ትልልቁ ሰው ሁሉ ሳይተኛ ነው የሚያድረው። ቤተ ክርስቲያን የሄደው ቆሞ አድሯል። ቤት የቀረችው ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ወጥ ስታማስል አምሽታለች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ይገደፋል፣ ትንሽ ጋደም ይባላል። ልጆቹ ግን በጊዜ ተኝተው ለጥ ብለው አድረዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ሳሎን መሃል ይሯሯጣሉ።

አያት ቤት ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ይኼ ነው። ዓይኑ የቀላ ትልቅ ሰው፣ ጉልበቱ የተረፈ ልጅ፣ ሁለቱንም የማይችል ጠባብ ሳሎን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይ በአንድ ቤት ሃያ ሰው ሲሰበሰብ ያየ ያውቀዋል። አራት ኪሎ አካባቢ የቀሩት የድሮ ግቢዎችም ቢሆኑ ውጭው እንጂ ቤቱ ሰፊ አይደለም።

ይህ መመሪያ ለእንግዳው ነው። ቤቱ የእሱ ላልሆነ፣ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ለሚከብደው አጎት፣ አክስት፣ አማች፣ ገና ላላገባ የአክስት ልጅ። ሐሳቤን በአጭሩ ልበል። በዓል ቤት ውስጥ ትልቁ እገዛ ልጆቹን መያዝ ነው። ወጥ የሚያማስል አይጠፋም፤ እንዲያውም ማማሰያ የሚቀማ ይበዛል። ልጆቹን ግን ሁሉም "እስቲ አንድ ሰው ይያዛቸው" ይልና አንድም ሰው አይይዛቸውም። ወንዶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በግ ማረድ የቀኑን ሥራ ሁሉ አይተካም።

አንድ፦ "ምን ላግዝ?" አትበሉ

መልሱ የታወቀ ነው። "ኧረ ምንም! አንቺ ቁጭ በይ፣ ተጫወቺ።" እንግዳ ማዘዝ ነውር ስለሆነ እውነተኛ መልስ አታገኙም። ከዚያም በላይ ጥያቄው ራሱ ሥራ ነው። አምስት ሰው መጥቶ "ምን ላግዝ?" ካላት፣ የቤቱ እመቤት ወጧን ትታ ለአምስት ሰው ሥራ ልታስብ ነው።

ሥራውን ስሙን ጠርታችሁ ውሰዱት። "እትዬ፣ ልጆቹን እኔ ይዣቸዋለሁ። ምሳ እስኪቀርብ ወጥ ቤት አይገቡም።" በቃ። ከዚያ በኋላ "ወተቱ የት ነው?"፣ "ይኼን ላብላው?" እያላችሁ አትመላለሱ። የልጁን ነገር የልጁን እናት ጠይቁ፤ የዕቃውን ነገር ቤቱን የሚያውቅ ትልቅ ልጅ ጠይቁ። በየቤቱ የት ምን እንዳለ ከአያቱ ይልቅ አጥርቶ የሚያውቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ።

የተያዘ ሥራ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይያዛል። ልጆቹን ለግማሽ ሰዓት አጫውቶ፣ ቁርጡ ሲመጣ ጥሎ መሄድ ካልጀመሩት ይብሳል። ከሌላ ሰው ጋር ብትፈራረቁ ጥሩ ነው። "አሁን ተራው ያንተ ነው" ብላችሁ በቃል አስረክቡ።

ሁለት፦ ሐሙስ ወይም ዓርብ ደውሉ

እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የፋሲካ ጠዋት የምትደውሉትን ስልክ ትንሽ ቀደም አድርጉት። ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ልጅ ይመጣል? ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው? ውሃስ እንዴት ነው?

የውሃው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ብዙ ነው። ፈረቃው በበዓሉ ቀን ካልዋለ፣ በርሜሉና ጄሪካኑ አስቀድሞ መሞላት አለበት። ሃያ ሰው እጁን ይታጠባል፣ ስምንት ልጅ ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ዕቃው ይታጠባል። መኪና ያለው ዘመድ ሁለት ጄሪካን ውሃ ይዞ ቢመጣ ውስኪ ይዞ ከመጣው ይበልጥ ይመረቃል።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልብ በሉ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በእሱ ላይ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ሲጨመር ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይወርዳል። መብራት ጠፋ ተብሎ ሰፈሩ ሲታይ፣ የጠፋው እዚያ ቤት ብቻ ነው። ምጣዱ ሲጣድ ሌላው ይጥፋ። ጋዙም ቢሆን አስቀድሞ ይፈተሽ።

ይዛችሁ የምትሄዱትን በተመለከተ፣ ድፎ ዳቦ ሦስት አራት ሰው ይዞ ይመጣል። እናንተ የሚረሳውን ያዙ። ባለ ቀለም የፕላስቲክ ኩባያ፣ ሶፍት፣ ጠንካራ ፌስታል፣ ትርፍ ካልሲ፣ ትርፍ የልጅ ሱሪ፣ ቻርጅ የተደረገ የእጅ መብራት፣ እስክሪብቶና ፕላስተር። ዳይፐር የወላጅ ኃላፊነት ነው። ቢሆንም በበዓል ቀን ሱቅ ተዘግቶበት የሚጮህ ወላጅ አይጠፋም።

ሦስት፦ የቅዳሜው ምሽት፣ በተለይ የእንቁላሉ ጉዳይ

ቀዳም ሹር አያት ቤት የምታድሩ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ቄጠማ ራሳቸው ላይ አስረው ይዞራሉ። ወጥ ቤቱ በሽንኩርት ይጤሳል። እንባቸው የሚወርደው ሽንኩርት የሚከትፉት ብቻ አይደሉም።

ለልጆች ከበዓል ሥራ ሁሉ የተቀቀለ እንቁላል መላጥን የሚያህል የለም። አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፣ ሲጨርሱት ይታያል። እንቁላሉ 10 ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ገና ዛሬ የተጣለ እንቁላል ግን ሲላጥ ይቦጫጨቃል። ስለዚህ ቀድሞ የተገዛው ይሻላል። ልጆቹን ሳፋ ዙሪያ አስቀምጧቸው። አንዱ ይሰብራል፣ አንዱ ይልጣል፣ አንዱ ያለቀልቃል። ቅመሙ እንዲገባው እንቁላሉን በቢላ ጠቀስ ጠቀስ ማድረጉን ትልቅ ሰው ይሥራው።

ከዚያ ይቆጠር። ጮክ ተብሎ፣ በልጆቹ አፍ ይቆጠር። እንቁላል ለአንድ ሰው አንድ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ይመጣል ከተባለ ሃያ ሁለት ብቻ የሚቀቅል ሰው ልጅ አያውቅም ማለት ነው። አምስት ስድስት ትርፍ ይጨመር። አንዱ መሬት ይወድቃል፣ አንዱ ሳፋው ዳር ይበላል፣ አንዱን ደግሞ ያልተጠራ ጎረቤት ይደርስበታል።

የዶሮው ቆጠራ ከዚህ ይከፋል። ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል፤ እግሯ ግን ሁለት ነው። እግር ካልሆነ አልበላም የሚሉ አምስት ልጆች አሉ። ማን እግር እንደሚደርሰው ማታውኑ፣ ትሪው ሳይቀርብ፣ በዕጣ ጨርሱት። እሑድ ምሳ ላይ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ይህ ክርክር መነሳት የለበትም።

በጉንም አስቡበት። ሐሙስ ተገዝቶ ግቢ የታሰረ በግ ዓርብ ስም ይወጣለታል፣ ቅዳሜ ዳቦ ይጎርሳል፣ እሑድ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ዕርዱን ማየት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አሉ፤ ይህን የሚወስነው ወላጅ ነው። የእናንተ ሥራ ማየት የማይፈልገውን ልጅ "ፈሪ" ከሚለው አጎት ማራቅ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሱቅ መላክ የሚያስፈልግ ነገር አይጠፋም። አብራችሁ ሂዱ።

አራት፦ ቤቱን በልጅ ቁመት እዩት

የሚጀመረው ገና ጫማ ሲወልቅ ነው። ሰላምታው፣ መሳሳሙ ካለቀ በኋላ ቁጭ አትበሉ። ቤቱን አንዴ ዙሩት። ጎንበስ ብላችሁ፣ የሁለት ዓመት ልጅ የሚያየውን ለማየት ሞክሩ።

መጀመሪያ ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ግቡ። በየቤታችን በረኪና በለስላሳ ወይም በታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ላምባውም እንደዚያው። ለልጅ ዓይን ይህ መጠጥ ነው። አንሱና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፣ ላምባው ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ፕላስቲኩን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ቀጥሎ ውሃው። ለበዓሉ የተሞላው በርሜልና ባልዲ ክዳን ይኑረው። ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም። ድምፅም አያሰማም።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ በረንዳውን እዩ። የተከራየው የፕላስቲክ ወንበር ሁሉ በረንዳ ላይ ይደረደራል። ወንበሩ ከብረቱ አጠገብ ከሆነ ለልጅ መሰላል ሆነ ማለት ነው። ወንበሩን ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ወይም የበረንዳውን በር ዝጉት። የደረጃው በር ደግሞ በበዓል ቀን አይዘጋም፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንድ ትልቅ ልጅ የበር ጠባቂ ሹሙ። ሹመት ይወዳሉ።

ግቢ ከሆነ የሚታየው ሌላ ነው። የታረደበት ቦታና ቢላው፣ የከሰሉ ምድጃ፣ ለመኪና የተከፈተው የውጭ በር፣ የታሰረ ውሻ። ውሻው በበዓል ቀን አጥንት ይዟል። አጥንት የያዘ ውሻ የሚያውቀውንም ልጅ ሊነክስ ይችላል።

በመጨረሻ ስልካችሁ ላይ ሁለት ቁጥር መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939።

አምስት፦ ልጆቹን ከጸሎቱ በፊት አብሏቸው

ብዙው የበዓል ለቅሶ ረሃብ ነው። ምሳ 6 ሰዓት ይባላል፣ ጋሼ እስኪመጡ ይጠበቃል፣ 8 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ትልቅ ሰው ሌሊት ስለበላ ይችለዋል። ልጅ አይችልም።

ችግሩ ሥርዓቱ ነው። አባወራው ጸልዮ፣ ድፎ ዳቦው ተባርኮ ሳይቆረስ ማንም አይነካውም። ይህን መንካት አያስፈልግም። ዳቦው መሶቡ ላይ እንዳለ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጆቹን ወደ መኝታ ቤት ሰብስቧቸው። ከትርፉ እንቁላል፣ ከትናንት ዳቦ፣ ወተት ወይም አልጫ በእንጀራ ስጧቸው። አልጫ ከሌለ የዶሮ ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በሞቀ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ባለሙያዋ ካየች ታዝናለች፤ አታሳዩአት። ከዚያ ሁሉም ወደ ጸሎቱ ይመለሳል። የጠገበ ልጅ "አሜን" ሲል ያምራል።

ጉርሻም አለ። አያት ያዘጋጁትን ጉርሻ እንቢ ማለት አይቻልም፤ ልጁ ግን በርበሬ አይችልም። "እማማ፣ እስቲ እንቁላሉን ያጉርሱት" በሏቸው። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለልጅ የሚያጎርስ አጎት ከመጣ ግን ቆም በሉ። ኮሶ ከዚያ ነው የሚመጣው። ክርክር ውስጥ ሳትገቡ "ሐኪም ከልክሎታል" በሉ። በሐኪም ላይ የሚከራከር ጥቂት ነው።

ፈንዲሻና ለውዝ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቆሎም እንዲሁ። ጉሮሮ ይዘጋል። ልጅ አንቆት ማሳልም መጮህም ካቃተው፣ ወደፊት አጎንብሳችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል በእጅ መዳፍ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫኑት። ሕፃን ከሆነ ሆዱን ሳይሆን ደረቱን በሁለት ጣት ተጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል ነው፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ይበልጥ ይገፋዋል።

ስድስት፦ ሹመት ስጧቸው

ልጅን "አትረብሽ" ማለት ሥራ አይደለም። ሥራ መስጠት ነው የሚያዋጣው። ደግነቱ የኛ በዓል ለልጅ የሚሆን ሥራ ሞልቶታል።

አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ቄጠማ ይጎዝጉዙ። እኩል አይበተንም፣ ግድ የለም። ሶፍት ያድሉ። በር ላይ የወለቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ያገናኙ፤ ይህ ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ሲሄዱም እንግዶቹን ያድናል።

ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ያስታጥቡ። አንዱ ማንቆርቆሪያውን፣ አንዱ ሳህኑን፣ አንዱ ፎጣውን ይይዛል። ውሃው ለብ ያለ መሆኑን እናንተ በእጃችሁ ፈትሹ። ከትልቅ ሰው ጀምሩ፣ ጎንበስ በሉ፣ ሰውየው "ይበቃል" ሲል አቁሙ ብላችሁ አስተምሯቸው። የሚያስታጥብ ልጅ ይመረቃል። "እደግ፣ ተመንደግ!" የተባለ ልጅ ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ሰው ነው። ማንቆርቆሪያው ከብዶት ምንጣፉ ላይ ቢያፈስም አትቆጡት። ግማሽ ብቻ ሙሉለት።

ከአሥር ዓመት በላይ ያሉት ከባዶቹ ናቸው። ከትንንሾቹ ጋር መቆጠር አይፈልጉም፣ ትልልቆቹ ደግሞ አያስጠጓቸውም። እውነተኛ ሥራ ስጧቸው። ፎቶ ማንሳት፣ አያትን አጠገባቸው ተቀምጦ መርዳት፣ የለስላሳውን ሣጥን መቆጣጠር። "ሁለት ሁለት ብቻ" በሉትና ሣጥኑን አስረክቡት። ከራሳችሁ ይልቅ ጥብቅ ይሆናል።

ሰባት፦ ጨዋታው

ቴሌቪዥንና ስልክ አይከፈት አልልም። ግን ጠዋት ከተከፈተ ከሰዓት የሚቀር ነገር የለም። ለ10 ሰዓት፣ ሁሉም ሰው ሲዝል፣ አስቀምጡት።

ቦታ ከጠበበ እንቆቅልህ ጀምሩ። "እንቆቅልህ!" "ምን አውቅልህ!" ካቃተው አገር ይሰጣል። አያትና አጎትም ሳያስቡት ይገቡበታል፤ ያኔ እናንተ ሻይ ትጠጣላችሁ። መልሱን ያወቀ ሳይሆን አዲስ ያመጣ ይሸለም ብትሉ ልጆቹ ራሳቸው መፍጠር ይጀምራሉ፤ የሚወጣው ነገር ያስቃል። ተረት ደግሞ ለትንንሾቹ እንቅልፍ ነው። "የላም በረት" ያለው ልጅ ሦስተኛው ተረት ላይ ዝም ይላል።

ግቢ ካለ ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ወይም በከሰል መሬት ላይ ይሰመራል። ሱዚ ላስቲክ ብቻ ይፈልጋል። ድብብቆሽ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አትፍቀዱ፤ አምስተኛ ፎቅ የተደበቀ ልጅ ሲጠፋ ቤቱ ይሸበራል።

ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይዛችኋቸው ብትወጡ ለቤቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፤ ለልጅ ይመቻል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጋ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢም ቅርብ ነው፤ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ግን ክፍት መሆኑን አጣሩ። ተዘግቶ ያገኘው ልጅ አመቱን ሙሉ ያነሳዋል። አንድ ትልቅ ሰው ከአራት ልጅ በላይ ይዞ አይውጣ። መንገድ በተሻገራችሁ ቁጥር ቁጠሯቸው። በበዓል ቀን መንገዱ ጭር ይላል፤ ጠጥቶ የሚያሽከረክር ግን ይኖራል።

ስምንት፦ ቡና ሲፈላ

የበዓል ቤት አደገኛው ሰዓት ይኼ ነው። ሁሉም ጠግቧል፣ ሁሉም ተዝናንቷል፣ ወለሉ ላይ ፍም፣ የፈላ ጀበናና እጣን አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል።

ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ከቡና አፍይዋ ጋር ቀድማችሁ ምረጡ። መተላለፊያ ላይ አይሁን፤ ጥግ ይሁን። ፊቱን በሁለት ወንበር ዝጉት፣ ወንበሩ ላይ ትልቅ ሰው ይቀመጥበት። ከሰል በተዘጋ ክፍል አይነድም። መስኮቱ ይከፈት፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው "ቡናው ናላዬን አዞረው" ካለ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት።

ልጆች ሲኒ ማደል ይወዳሉ። ሙሉውን ትልቅ ሰው ይስጥ፤ ባዶውን ልጆቹ ይሰብስቡ።

ልጅ ከተቃጠለ ውሃ ነው መድኃኒቱ። ቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ያልሆነ፣ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ውሃ። ቧንቧው ከጠፋ ከጄሪካኑ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና የሚል ሰው ይመጣል። በትሕትና አሳልፉት። ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅና ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ውሃውን ጨርሳችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ዘጠኝ፦ ጠላው፣ ጥያቄውና ጠቡ

ከወንበር ሥር ግማሽ የቀረ ጠላና ጠጅ ይከማቻል። ጠጅ ይጣፍጣል፣ ማር ማር ይላል። ልጅ ይጨልጠዋል። ለዚህ ነው ባለ ቀለሙ ኩባያ። ስማቸውን በፕላስተር ለጥፉበትና "ከዚህ ሌላ አይጠጣም" በሉ። እናንተ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ከሥር የቀረውን ሰብስቡ።

"ስንተኛ ወጣህ?" የሚሉ ዘመዶች አሉ። አንደኛ የወጣው አጠገቡ ተቀምጧል፤ ልጁ መሬት ያያል። ጣልቃ ግቡ። "ጋሼ፣ እሱ እንኳን እንቆቅልህ ላይ ሁላችንንም ረቶናል" በሉ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ ወሬ ስለጠፋው ነው። ከውጭ አገር የመጣ፣ አማርኛው የተሰባበረ ልጅ ካለም በአነጋገሩ አትሳቁ። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ስጡት። በሁለተኛው ቀን "በለው!" ማለት ይጀምራል።

ልጆቹ ሲጣሉ ዳኛ አትሁኑ። ማን እንደጀመረው መቼም አይታወቅም። ለያዩአቸውና ለሁለቱም የተለያየ ሥራ ስጡ። ወላጅ እስኪመጣ አትቅጡ፣ አትምቱ፤ ልጁ የሰው ነው።

አሥር፦ ዕቃውና አንድ የሚረሳ ሰው

ሦስት ሳፋ ደርድሩ፤ አንዱ ሳሙና፣ ሁለቱ ማለቅለቂያ። ብርጭቆና ሲኒ ይቅደም፣ ቅባት የነካው ይከተል። ውሃ ይቆጥባል። ወንዶቹን ከቁርጡ ጠርታችሁ ማድረቂያ አስይዟቸው።

የቤት ሠራተኛዋን አትዘዟት። የእሷ አሠሪ እናንተ አይደላችሁም። ከሌሊት ጀምሮ ቆማለች፣ በዓሉም የእሷ ነው። ከእናታችሁ እኩል ትኩስ ምግብ እንዲደርሳት፣ ተቀምጣ እንድትበላ አድርጉ። ሳህኑን ከእጇ ተቀበሉና "ቤተሰብሽ ጋ ደወልሽ?" በሏት። ስልክ ካርድ የሌላት ከሆነ ስልካችሁን ስጧት።

አሥራ አንድ፦ ስንብቱ

በበዓል ምሽት ታክሲ ይጠፋል፣ የሚገኘውም ዋጋው ይጨምራል። ልጅ ያለው ሰው ሳይመሽ፣ 11 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ ይጀምር። ስንብቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ትንንሾቹን ሽንት ቤት ውሰዱ፣ ጫማ አልብሱ፤ ጃኬቱን ግን ታክሲው በር ላይ ሲደርስ።

ለየቤቱ የሚቋጠረውን ወጥ ለብ እንዳለ አታቆዩት። ከሁለት ሰዓት በላይ ሳሎን የዋለውን ለልጅ አትቋጥሩ። ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ የባለቤቱን ስም በፕላስተር ለጥፉ፤ አለበለዚያ እስከ ዳግማ ትንሣኤ የማን እንደሆነ ሲፈለግ ይከርማል። አንድ እግር ካልሲ፣ ቻርጀርና ጡጦ መቅረቱ አይቀርም። ሶፋው ሥር ገብታችሁ አውጧቸው፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ፎቶ አንስታችሁ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት።